በጋሽ ዘርጋ ደጃፍ የተተከለው ድንኳን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። እርግጥ በምሠራበት ካፌ የደንበኛ ትእዛዝ በቁራጭ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፤ ግን «ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ስፕሪስ፣ ስኳር ለብቻ» የሚለውን ድርሰት ነው ብዬ አላታልላችሁም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ታዲያ ምን አስነሳሽ ካላችሁኝ፣ ነገሩ የሆነው ዓይኔ እያየ ነው፤ ኧረ እንዲያውም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አፍንጮ በር ላይ ታሪኩን የማያወራ የለም። ሁሉም ታዲያ አጣሞ ነው የሚያወራው። ላስተካክል ብዬ አፌን ስከፍት ሌላው ቀድሞኝ ይጨርሰዋል፤ እኔ ደግሞ ከሰው ጋር ቃል መሻማት አልችልበትም። ወረቀት ጥሩ ነው። አያቋርጥም።

ዓይን አፋር ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ ያለውን ስታነቡ «ይቺ ልጅ ጤና የላትም እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚያሳፍረኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ በዚህ የተነሳ ፒያሳ መውረድ ሲገባኝ ለገሃር ድረስ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ካፌ ውስጥም ከባንኮኒው ጀርባ መሆን የምወደው የቡናው ማሽን ሲጮህ ማንም ስለማያናግረኝ ነው።

የምኖረው በጋሽ ዘርጋ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ጋሽ ዘርጋ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ እዚሁ ሰፈር ሱቅ ከፍተው፣ እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ሁለቱ ከነጋ እስኪመሽ ይጨቃጨቃሉ። ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ በሩን ማን ክፍት ተወው፤ እኔ በግድግዳው በኩል ስሰማቸው ስለምውል ሬድዮ ገዝቼ አላውቅም።

ጋሽ ዘርጋ የመርጃው ሰብሳቢም ናቸው። መርጃው ሙሉ ስሙ «የሰፈሩ የትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መርጃ ማኅበር» ነው፤ ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ሰው ጥሎ ስለሚሄድ «መርጃው» እያልን እንጠራዋለን። በየወሩ የምናዋጣው ለትምህርት ቤቱ ዴስክ ማሠሪያ፣ ለአረጋውያን መጦሪያው ፍራሽ፣ ለሕፃናት ማቆያው ወተት ይሆናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያዋጣል። ከዶሮ ማነቂያ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡት የድሮ ጎረቤቶቻችን እንኳ ባሉበት ሆነው በስልካቸው ይልካሉ።

ችግሩ መላኩ ላይ ሳይሆን መምጣቱ ላይ ነው። የሰፈራችን ሰው ከእድር አይቀርም። ሰው ሞተ ከተባለ ጉልበቱን የሚያመውም ተደግፎ ይመጣል፣ የተጣላውም ይመጣል፣ ሟቹን የማያውቀውም ይመጣል። መርጃው ስብሰባ ሲጠራ ግን ሁሉንም ባንድ ላይ ጉልበቱን ያመዋል። ደንቡ ደግሞ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ አዲስ ወጪ አይወሰንም ይላል።

በዚህ ክረምት ሊወሰን የነበረው ወጪ የማታ ትምህርት ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ መርጃው ለመብራቱና ለመምህራኑ የማታ አበል ከቻለ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ማታ ማታ ለማስተማር ክፍሎቹ ዝግጁ ናቸው ብለው ነበር። ስብሰባ ተጠራ፤ ሰው አልሞላም። ድጋሚ ተጠራ፤ ጋሽ ዘርጋ፣ እትዬ ዘነበችና አንድ የጠፋ በግ የሚፈልግ ሰውዬ ብቻ ተገኙ። ርዕሰ መምህርቷ በመጨረሻ፣ እስከ መጪው እሑድ ካልወሰናችሁ ክፍሎቹ ለሌላ ሥራ ይሰጣሉ አሉ።

እኔ ሰባተኛ ክፍል መግባት እፈልግ ነበር። እናቴ ስትታመም ላስታምማት ብዬ አቆምኩ፤ እሷ ካረፈች በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነው። ይህን ፍላጎቴን ለማንም አልተናገርኩም። ካፌው ውስጥ ማሽኑ ሲጮህ ግን «ሰባተኛ ክፍል፣ ሰባተኛ ክፍል» እያልኩ ወተት አፈላ ነበር።

እሑድ ደረሰ። የነሐሴ ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ አደረ። የወረዳው አዳራሽ ተይዟል ተባለ። ጋሽ ዘርጋ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዟቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ሲያስሉ ነው የከረሙት። የዚያን ዕለት ግን ተሽሏቸው «ሰብሳቢ ተጨብርሮ አይሰበስብም» ብለው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካያቸው ዘንድ ወረዱ። እትዬ ዘነበች ለተሰብሳቢው ዳቦ ሊገዙ ወጡ። እኔን፣ በራፋቸው ላይ ባለው ሜዳ ሰው የሚጠለልበት ነገር እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

የሚጠለልበት ነገር ሲሉኝ ሐሳቤ ላይ የመጣው የእድሩ ድንኳን ነው።

እዚህ ላይ የሰፈራችን ሰው ሲያነብ ራሱን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ለሌላችሁ ልንገራችሁ። የእድራችን ድንኳን ያ ጥቁር አረንጓዴ ሸራ ለሠርግም ለልደትም አይወጣም። ለደስታ ነጭ ድንኳን ከአከራይ እናመጣለን። ያኛው ከግምጃ ቤት የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን የዚያን ጠዋት ሰማዩን አየሁና ሸራ አስፈለገኝ፤ ሸራ ያለው እድር ቤት ነው፤ አለቀ። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ሚስት ቁልፉን ሲሰጡኝ «አላህ ያጽናችሁ» አሉኝ። ዝናቡን ነው ብዬ «አሜን» አልኩ።

ድንኳኑን የተከለልኝ ቴዲ ነው። ቴዲ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ ሙዚቃ ሰክቶ ነው የሚሄደው። ለስብሰባ መሆኑን ነገርኩት፤ እኔ ስናገር ጆሮ ያልደፈነም አይሰማኝም እንኳን እሱ። እጁ የለመደውን አደረገ። ድንኳኑን የበሩ አፍ ላይ ገተረው፣ አግዳሚዎቹን በሦስት ጎን አሰለፈ፣ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተና «ተራ ላይ ነኝ፣ ቻው» ብሎ ሮጠ። እኔም አንዱ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ጥሩ ሥራ እንደሠራሁ ቆጥሬ ሰው መጠበቅ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። ማዶ ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከሩቅ ሳያቸው ስብሰባ እንዲህ በጊዜ መምጣታቸው ገርሞኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። እሳቸው ደርሰው አንገቴን አቀፉና «ወይኔ ጋሽ ዘርጋ! ወይኔ የደሃ አባት!» ብለው ጮሁ።

አሁን ፍረዱኝ። አንዲት እናት አንገታችሁን አቅፋ ስታለቅስ «ይቅርታ፣ የሞተ የለም» ብላችሁ ትገፏታላችሁ? እናንተ ትችሉ ይሆናል። እኔ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። እሳቸው ሲያለቅሱ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ በኋላ እናቴም ትዝ አለችኝና ከልቤ ሆነ።

ቀና ስል ድንኳኑ ተሞልቷል። «ማንም አልሞተም» የምትል ዓረፍተ ነገር በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ሶፍት ያቀብለኛል። «ተይ አትናገሪ፣ አይዞሽ» ይለኛል። «አብራቸው የምትኖር ልጅ ናት፣ ድንጋጤው ዘግቷታል» እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። ስለ አሟሟታቸውም የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። ሳሉ ሳንባቸው ገብቷል። ሆስፒታል ሲደርሱ አልፏል። እትዬ ዘነበች አስከሬኑን ሊያመጡ ሄደዋል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ሰው ሁሉ ከአስተማማኝ ሰው ነው የሰማው።

ብልሃት መጣልኝ። ለጋሽ ዘርጋ ራሳቸው ብደውልስ? ተደብቄ ደወልኩ። ስልካቸው ከተቆለፈው ቤት ውስጥ ጮኸ፤ ለካ ጥለውት ሄደዋል። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ዞረ። ከዚያ አንዷ ሴት «ስልኩ ይጣራል፣ ባለቤቱ የት አለ!» ብላ ስትጀምር ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ስልኩን ዘጋሁት። የባሰ አለቀሱ።

በዚህ መሀል የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የጋሽ ዘርጋ ፎቶ ከሻማ ጋር ወጣ። ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገራችሁ። ኮንዶሚኒየም የገቡት ጎረቤቶቻችን በሚኒባስ ተጭነው ከከተማው ዳር ዳር መጡ። ለመርጃው ስብሰባ ታክሲ አጣን ሲሉ የከረሙት ናቸው። ንፍሮ መጣ፣ እንጀራ በሽሮ መጣ፣ ውሃ በጀሪካን መጣ። ርዕሰ መምህርቷ መምህራኖቻቸውን ይዘው መጡ። ቴዲ ሳይቀር ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ድንኳኑን የተከለው እሱ ራሱ መሆኑን እያወቀ፣ አጠገቤ ተቀምጦ አፍንጫውን እየጠረገ ወቀሰኝ።

«ቅድም ማን እንደሆነ አልነገርሽኝም እኮ። ጋሽ ዘርጋ መሆናቸውን ባውቅ ገመዱን አጥብቄ ነበር የማስረው።»

ከሁሉ የበለጠው ግን አቶ ግርማ ናቸው። አቶ ግርማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በንግግራቸው የታወቁ፣ በመርጃው ነገር ደግሞ ከጋሽ ዘርጋ ጋር ተስማምተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጥቁር ኮት ለብሰው ተነሡና ለሕዝቡ ተናገሩ። ዘርጋ የሰፈሩ ምሰሶ ነበር አሉ። ራሱ ሳይማር ሌላውን ለማስተማር የደከመ ነው አሉ። ለማታ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ጠርቶን ሁለት ጊዜ ቀረንበት፣ ዛሬ ሦስተኛው ሊሆን ነበር፣ በቁሙ አሳፈርነው አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ፤ ጋሽ ዘርጋ በሕይወት መኖራቸው ለአንድ አፍታ እኔንም ጠፋኝ።

በዚያው ቅጽበት ከታች በኩል፣ ከድልድዩ አቅጣጫ፣ አንድ ጃንጥላ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ።

ከጃንጥላው ሥር ጋሽ ዘርጋ አሉ። ፀጉራቸው አጥሯል፣ ጢማቸው ተላጭቷል። ድንኳኑን አዩ። ከዚያ ድንኳኑ የማን በር ላይ እንደተተከለ አዩ። ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እሳቸው የሚያስቡት ሌላ ነገር ነው። ቤታቸው ደጃፍ የእድር ድንኳን ካለና እሳቸው ቆመው የሚሄዱ ከሆነ፣ የሞተችው ሌላ ሰው ናት።

«ዘኒ» አሉ። እትዬ ዘነበችን እንደዚያ አድርገው ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

ሰዎች ዞር ብለው አዩዋቸው። እትዬ ብዙነሽ አማተቡ። አቶ ግርማ ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀረ። አንዱ አግዳሚ ከነተቀመጡበት ሰዎች ወደ ኋላ ተገለበጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ በኩል ደግሞ እትዬ ዘነበች ዳቦ በዘንቢል ይዘው እየሮጡ መጡ። እሳቸውም ከሩቅ ድንኳኑን አይተዋል። እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ ሲያስል የሰነበተ ባል አላቸው። ዳቦው በየመንገዱ እየወደቀ፣ ሕዝቡን በክንዳቸው ገፍተው ደረሱና ቆሙ።

«አለሽ?» አሉ ጋሽ ዘርጋ ከጭቃው ላይ።

«አለህ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«አለሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ቀኑን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ አልተሰማም። ከዚያ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ይዘው አነሡዋቸውና ስልክህን ጥለህ የምትሄደው ለምንድን ነው ብለው ጀመሩ፤ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እንደተመለሰ አወቅሁ።

ቀጥሎ የሚጠየቀውን ታውቁታላችሁ። ድንኳኑን ማን አስተከለ? የድንኳኑ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ከጠዋት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ። ወደ ሰማይ ጠቆምኩና «ዝናብ» አልኩ።

የተቆጡ ነበሩ። ከዳር የመጡት የታክሲያቸው ነገር ቆጫቸው። አንድ ሽማግሌ እድሩ ሊቀጣኝ ይገባል አሉ። ሌሎች ሳቅ ይዟቸው መተንፈስ አቅቷቸዋል። ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ጫማውን እየፈለገ ሊበተን ሲል ጋሽ ዘርጋ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ክንዳቸውን ዘረጉ። ሱሪያቸው ገና ጭቃ ነው።

«ለሬሳዬ ጊዜ አግኝታችሁ ለእኔ ልታጡ ነው? ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ምን ያድርጉ። መርጃው ከተመሠረተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሰው ሞልቶ አያውቅም፤ ከግማሽ በላይ ቀርቶ አባል ያልሆነውም ተገኝቷል። ንፍሮው ለሁሉም ታደለ። ጋሽ ዘርጋ ስለ ማታ ትምህርቱ ባጭሩ አስረዱና እጅ እንዲወጣ ጠየቁ።

አቶ ግርማ ተነሡ። ቅድም ያለቀሱለት ሰው ሲነሣ እሳቸውም ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ተነሥተዋል። መብራትና አበል ማለት የየወሩ ወጪ ነው አሉ። ተማሪ ጠፍቶ ባዶ ክፍል ስናበራ ልንኖር ነው አሉ። አንድ ሰው ከኋላ፣ ቅድም ምሰሶ ነው ሲሉ ነበር እኮ ቢላቸው፣ ያ የተነገረው ለሟች ነው፣ ይሄ ደግሞ ስብሰባ ነው ብለው መለሱ።

«ሰው ከሥራው ሲገባ እግሩን ታጥቦ ድራማውን ነው የሚያየው» አሉ። «እስቲ ማታ የሚማር አንድ ሰው ጥሩልኝ። አንድ ሰው ካለ የመጀመሪያውን እጅ የማወጣው እኔ ነኝ።»

ማንም አልተጠራም። ጋሽ ዘርጋ ግራና ቀኝ አዩ። ርዕሰ መምህርቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል። ሰባተኛ ክፍል ዓይኔ እያየ ከድንኳኑ ሊወጣ ነው።

«እኔ» አልኩ።

ማንም አልሰማም። እንደ ልማዴ ለራሴ ነው ያልኩት። አጠገቤ የነበሩት እትዬ ብዙነሽ ግን ሰሙና በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ። «ጮክ በይ እንጂ ልጄ፤ ለለቅሶማ ድምፅ ነበረሽ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም፤ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስላለቀስኩ ፊቴ ምን እንደሚመስል አስቡት።

«እኔ አለሁ። ስድስተኛን ጨርሻለሁ። እናቴን ላስታምም ብዬ ነው ያቋረጥኩት። ሰባተኛ መግባት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ቴዲ ከአንዱ ጆሮው ሙዚቃውን ነቅሎ «ይቺ ልጅ ታወራለች እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ መቀመጥ ረስቼ ነው። ቴዲ ሳቁ ሲበርድ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ሳይፈተን እንደቀረና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ያችው ስምንተኛ ክፍል እንደምታግደው ተናገረ። «እኔም አለሁበት» አለ። እትዬ ብዙነሽ፣ ልጆቼ ሲያነቡ እንደ ቴሌቪዥን ሳያቸው ነው የኖርኩት፣ ከታች የሚጀመር ካለ እኔም እመጣለሁ አሉ። ከኮንዶሚኒየሞቹ አንዷ ሴትዮ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን ሥራዬ እዚሁ ፒያሳ ስለሆነ አምሽቼ መሄድ እችላለሁ አለች። አንዱ ሌላውን እያየ እየተነሣ፣ የቆመው ከተቀመጠው መብዛት ጀመረ።

አቶ ግርማ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ኮታቸውን አስተካክለው የመጀመሪያውን እጅ አወጡ። ከኋላቸው የድንኳኑ እጅ ሁሉ ወጣ። ጋሽ ዘርጋ መቁጠር ጀምረው ተዉት። ርዕሰ መምህርቷ፣ ክፍሎቹ ከመስከረም ጀምሮ የእናንተ ናቸው፣ መምህራኑም እዚሁ ስለሆኑ ከአሁኑ ተዋወቋቸው አሉ። ሰው ከለቅሶ ቤት እየሳቀ ሲወጣ ያያችሁ የዚያን ቀን አላፊ አግዳሚዎች ምን ብላችሁ እንዳማችሁን አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባራ። ቴዲ ድንኳኑን ሲፈታ እኔ አግዳሚዎቹን እጠርግ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ሱሪያቸውን ቀይረው ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ድንኳኑ የእኔ ጥፋት እንደሆነ፣ እትዬ ዘነበችን እንዳስደነገጥኩ፣ በቁማቸው እንዳስለቀስኩባቸው። ግማሹን እንኳ ሳልናገር በእጃቸው አስቆሙኝ። ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰ ሁሉንም ሰምተዋል። ማን እንደቀረም ጠይቀው ለይተዋል። ፀጉር አስተካካያቸው እንኳ መቀስና ማበጠሪያውን እንደያዘ መጥቶ ነበር አሉኝ፤ ቅድም የሸኘውን ሰው ሊቀብር።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለቅሶዬን አይቻለሁ» አሉኝ። «ከእንግዲህ የቀረኝ አንቺ ስምንተኛን ስትጨርሺ ማየት ነው፤ እባክሽ ልጄ ቶሎ በይልኝ።»